ናዳው የጀመረበትን ቦታ ፍለጋ፦ ስድስት ቀን በሄሊን ዱካ

ዓርብ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ስነሳ ገና አልነጋም። መኪናው ውስጥ የተራራ ጫማ፣ የራስ ቁር፣ ታብሌት፣ ተጠባባቂ ባትሪ፣ አንድ ፌስታል ቆሎና አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ጭኛለሁ። እናቴ ደግሞ «ሁዳዴ ነው፤ እዚያ ገጠር ምን ልትበዪ ነው?» ብላ ሽሮ በጠርሙስ ሞልታ አስይዛኛለች። ሞቴል ውስጥ ሽሮ እንዴት እንደሚሠራ አልጠየቅኳትም። መልስ እንደማታጣ አውቃለሁ።

እንጀራዬ ካርታ ነው። ቀን ቀን የውኃ ቧንቧ መስመር ኮምፒውተር ላይ አሰፍራለሁ። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ግን ማታ ማታ የምዕራብ ኖርዝ ካሮላይናን ተራሮች ከሰማይ ሆኜ ሳያቸው ከረምኩ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን በጎ ፈቃደኞች ይፈልግ ነበር። ሥራው ሲነግሩህ ቀላል ነው፦ ሄሊን ከተባለችው ሄሪኬን፣ ከባሕር ከተነሣችው ከባድ አውሎ ነፋስ፣ በፊትና በኋላ የተነሡ ምስሎችን ጎን ለጎን ትከፍታለህ፤ አረንጓዴ የነበረው ቡናማ ሆኖ ስታገኘው ናዳ ነው ብለህ ዙሪያውን ታሰምራለህ። እኔ 43 አሰመርኩ። አሁን «ያሰመርሽውን መጥተሽ በእግርሽ እዪው» ስላሉኝ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መንገድ ገባሁ።

ሄሊን ፍሎሪዳን የመታችው ሴፕቴምበር 26፣ 2024 ማታ፣ በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር በሚምዘገዘግ ንፋስ ነው። በእኛ አቆጣጠር የደመራ ዕለት መሆኑ ነው። በማግስቱ፣ የመስቀል ዕለት ጠዋት፣ ከገባችበት ባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው ያሉትን ተራሮች ደረሰችባቸው። ከእሷ ቀድሞ ሌላ ዝናብ መሬቱን አጥግቦት ነበር። ቡሲክ በሚባል ቦታ ያለው የዝናብ መለኪያ በእነዚያ ጥቂት ቀናት 780 ሚሊ ሜትር ገደማ መዘገበ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ከግማሽ ይበልጣል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ከሄሊን ጋር የተያያዘ ከ2,000 በላይ ናዳ በካርታ ላይ አስፍሯል። የኔዎቹ 43 ከዚያ ባሕር ጭልፋ ናቸው።

በኢንተርስቴት 81 አውራ ጎዳና ብወርድ ይፈጥንልኝ ነበር። ኔልሰን የሚባለውን የቨርጂኒያ ካውንቲ ለማየት ብዬ ግን ሆን ብዬ 29 ቁጥር መንገድን ያዝኩ። ኦገስት 1969 የሄሪኬን ካሚል ርዝራዥ እዚህ ላይ ቆሞ በስምንት ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ680 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አወረደ። ከነዋሪው ከመቶ ሰው አንዱ ያህል በአንድ ሌሊት ሞተ። ከዝናቡ ብዛት የተነሣ ሰዎች ለመተንፈስ አፍንጫቸውን በእጃቸው ይከልሉ እንደነበር ይነገራል። መኪናዬን ዳር አቁሜ ተራራውን አየሁት፦ ዛፍ ብቻ። ምንም የለም። በሊዳር ምስል ላይ ግን፣ ከአውሮፕላን የተለቀቀ የሌዘር ጨረር በቅጠል መሀል ሾልኮ የመሬቱን ቆዳ ብቻ በሚያሳይበት ምስል ላይ፣ የ1969ኙ ጠባሳ ዛሬም እንደ ጥፍር ጭረት ቁልቁል ይታያል። ይህን አውቄ ያንን አረንጓዴ ማየት ደስ አይልም።

አሽቪል፣ ኖርዝ ካሮላይና የደረስኩት ከመሸ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ቁርስ ላይ አስተናጋጇ «ማሬ» እያለች ግሪትስ አመጣችልኝ፤ የነጭ በቆሎ ገንፎ በሉት። መሀሉ ላይ ቅቤ እንደ እኛው ገንፎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀልጣል። ጾም መሆኔን ለማስረዳት የወሰደብኝ ጊዜ የናዳን ፊዚክስ ለማስረዳት ከሚወስደው ይበልጣል። በመጨረሻ በውኃ ብቻ የተሠራ አመጣችልኝና አጠገቤ ቆማ እስክቀምሰው ጠበቀች።

ሦስት ነን፦ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ፕሮፌሰር፣ ከኔፓል የመጣ የዶክትሬት ተማሪና እኔ። ፕሮፌሰሩ ሩቅ ያለውን ማውንት ሚቸልን እያሳዩ «ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ካለው ተራራ ሁሉ ትልቁ፣ 2,037 ሜትር» አሉ በኩራት። ከፒያሳ ዝቅ ይላል ማለት ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ።

ቀኑ በዝግጅት አለፈ። ከሁሉ የቀረልኝ የዚህ አገር የናዳ ካርታ ታሪክ ነው። በሴፕቴምበር 2004 ፍራንሲስና አይቫን የተባሉ ሁለት ሄሪኬኖች በዐሥር ቀን ገደማ ልዩነት መጡ። ሜከን ካውንቲ ውስጥ ፒክስ ክሪክ ላይ ከተራራው ጫፍ የተነሣ የጭቃና የድንጋይ ጎርፍ አምስት ሰው ገደለ። በዓመቱ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የ19 ካውንቲዎች የናዳ ካርታ እንዲሠራ በጀት መደበ። አራቱ እንዳለቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በጀቱ ቆመ። ሥራው እንደገና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በመሀል ሰባት ዓመት ተራራው ዝም ብሎ ቤት ሲሠራበት ነበር። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እስኪርቢቷቸውን ግን ጠረጴዛው ላይ ደጋግመው ያንኳኩ ነበር።

ከዚያ የጥንቃቄ ትምህርት። አዲስ ከተናደ ቦታ በታች መቆም ክልክል ነው፤ የመጀመሪያው ወረደ ማለት አበቃ ማለት አይደለም። «ምሳሌ ያለው አለ?» አሉ። እኔ ነበረኝ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሄሊን ከመምጣቷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት በአካፋ፣ በዶማ፣ በእጁ እየማሰ ወገኑን ሊያወጣ ሲረባረብ ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሮጡት ናቸው። በእንግሊዝኛ ስናገረው አጭር ሆነብኝ። የኔፓሉ ልጅ አንገቱን ደፋ።

እሑድ፣ የካቲት 30

ሌሊት ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ተገፍቷል፤ ሁላችንም እንቅልፍ ጎድሎብናል። የመሬቱ ባለቤት ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ደግሞ መጠበቅ ነበረብን። እኔም ቅዳሴ ቀርቶብኝ ሰው ሲያስቀድስ ማየት፣ ጥሩ ነው።

ቦታው ስዋናኖዋ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ በኔ ካርታ 8 ቁጥር። ባለ መሬቷ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ በእሑድ ቀሚሳቸው ላይ የጎማ ቦት ጫማ ተጫምተው ወጡ። ቤታቸው ቆሟል። ጎተራቸውና የመሣሪያ ቤታቸው የለም። «እንደ ባቡር ነበር የጮኸው» አሉ፤ «ከባቡሩ በፊት ግን ሽታው መጣ። አዲስ የተቆረጠ እንጨትና የተቆፈረ አፈር ሽታ። በዝናብ መሀል እንዲያ ያለ ሽታ ከየት ይመጣል ብዬ መስኮት ከፈትኩ።» ላይ የጀመረበትን ቦታ እስካሁን ወጥተው አላዩትም። ጉልበታቸው አይፈቅድም።

ናዳ እንደ አልጋ ራስጌና ግርጌ አለው። ሰው የሚያየውና ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ግርጌው ነው። እኛ የምንፈልገው ራስጌውን ነው። 900 ሜትር ሽቅብ ወጣን። የመጀመሪያው ሩብ መንገድ የድንጋይ ክምር ነው፤ ሚኒባስ የሚያህል ቋጥኝ አለበት። መሀሉ ላይ ወራጁ፣ ናዳው የወረደበት ቦይ፣ እስከ አለቱ ድረስ ተጠርጓል። ዳርና ዳር የቀሩት ዛፎች ሽቅብ በሚያየው ጎናቸው ብቻ ቅርፊታቸው ተልጧል፤ የጭቃው ልክ እስከ የት እንደደረሰ በዚያ ይለካል። አንድ መታጠፊያ ላይ የግራው ዳር ልክ ከቀኙ አራት ሜትር ይበልጣል፤ በፍጥነት የሚሄድ መኪና ሲታጠፍ እንደሚያዘነብለው ጭቃውም ዳሩን ወጥቶ ነው የታጠፈው። የሴትዮዋን ቤት ያተረፈው ያ መታጠፊያ ነው። ጎተራውን የበላውም ያው።

እየወጣን ሄደን ወራጁ ጠበበ፣ ጠበበና አለቀ። ፕሮፌሰሩ ቆመው «ይኸው» አሉ። ወደ ጎን እየዞርን፣ ከላይ በኩል ደረስንበት። የእናቴን ሳሎን የሚያህል ባዶ ቦታ ነው። ስፋቱ 11 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ተዳፋቱን ስለካው 34 ዲግሪ። ሥሩ ለስላሳ አለት፣ ከስንጥቁ ዛሬም ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ያ ሁሉ ቋጥኝና ግንድ፣ ያ 40 ሜትር የሰፋ ግርጌ፣ ከዚህች ክፍል ነው የወጣው። ጎድጓዳው ሰርጥ ለሺህ ዓመታት ከዳርና ዳር የሚንሸራተተውን አፈር እያጠራቀመ ይኖራል። ዝናቡ ሲበዛ ውኃው አለቱን አልፎ መስረግ ያቅተውና አፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ግፊቱ ቅንጣቶቹን ያለያያቸዋል፤ አፈሩ ክብደቱን አለቱ ላይ ማሳረፉን ይተውና ሊንሳፈፍ ይቃጣዋል። ጭቃ ስትመርግ ውኃ ካበዛህበት ምርጉ ከነጭዱ ከግድግዳው ላይ ተንሸራቶ እንደሚወርደው ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ያገኘውን እየለቀመ ያድጋል።

ስንወርድ ፕሮፌሰሩ የወራጁን ዳር በመዶሻ ነካ አደረጉ። ጎርፉ በቆረጠው ግድግዳ ውስጥ፣ ከሳሩ ሥር አንድ ሜትር ተኩል ወረድ ብሎ፣ ሌላ የቋጥኝና የአፈር ድብልቅ ይታያል። በልዟል፣ ድንጋዩ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። «ይኼ ደግሞ አያቱ ነው» አሉ። የሴትዮዋ ቤት የተሠራው በአያቱ ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ገደል መሀል ለቤት የሚመች ሜዳማ ቦታ ሰርጡ አፍ ላይ የተገኘው፣ የድሮ ናዳዎች እዚያ እያረፉ ስለደለደሉት ነው።

ሴትዮዋ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ላይ ምን አያችሁ?» አሉኝ፣ ለኔ። ስልኬ ላይ ያነሣሁትን ፎቶ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «ይቺ?» አሉ።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

የዛሬው ውርደት ለብቻው ይጻፍ። ከ43ቱ ሁሉ የምኮራበት 17 ቁጥር ነበር፦ ከሸንተረሩ ላይ የሚጀምር፣ ሰፊ፣ ጥርት ያለ ቡናማ። ሁለት ሰዓት ወጥተን ደረስን። ናዳ አይደለም። ንፋሱ ነው። አንድ ሄክታር ያህል ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል፤ የተገለበጡት ሥሮች አፈራቸውን ይዘው እንደ ምጣድ ቆመዋል። ከሰማይ ቡናማ ሆኖ የታየኝ የሥሮቹ ሆድ ነው። አፈሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ፕሮፌሰሩ «ደግ ነው፤ እኔም በ2004 አድርጌዋለሁ» ብለው አለፉት። ልሰርዘው ታብሌቱን ሳወጣ ሞቷል። ተጠባባቂው ባትሪ? ሞቴል፣ አልጋዬ አጠገብ፣ ቻርጅ ላይ። ቀኑን ሙሉ በማስታወሻ ደብተርና በእርሳስ ጻፍኩ፤ የኔፓሉ ልጅ ዳቦ ቆሎዬን እየቆረጠመ ቁጥሮቹን ይጠራልኝ ነበር። ወድዶታል፤ ፌስታሉ ተጋምሷል።

ስንመለስ በአንድ የጫካ መንገድ ላይ ጭቃ የደፈነው የመንገድ ሥር ቱቦ አገኘን። ጭቃውን ተከትለን ወደ ላይ ስንሄድ አምስት ሜትር ብቻ የሚሰፋ ናዳ ከዛፎች ጥላ ሥር ተኝቷል። በኔ ካርታ ላይ የለም። ሊኖርም አይችልም ነበር፤ ሴንቲኔል የሚባለው ሳተላይት የሚያየው ትንሹ ነጥብ 10 በ10 ሜትር ነው። በኦክቶበር የተነሡት የአውሮፕላን ምስሎች ደግሞ ጥራት ቢኖራቸውም ቅጠል አልረገፈም ነበር። አሁን ግን ማርች ነው፣ ጫካው ራቁቱን ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያሉ ሦስት ጨመርን፤ ሁለቱ የተነሡት ተራራው ተቆርጦ መንገድ ሲሠራ ዳር ላይ ከተደፋው ልል አፈር ነው። የሌለ ናዳ አስምሬ ያለውን ዘልያለሁ ማለት ነው። ማታ ሽሮዋ በሞቴሉ የቡና ማፍያ ውኃ፣ በማይክሮዌቭ ተሠራች። ስለ ጣዕሙ አልናገርም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ዛሬ አልለካንም። በፌርቪው በኩል ወደ ባት ኬቭ ስንሄድ ጋረን ክሪክ አጠገብ ፕሮፌሰሩ መኪናውን አዘገዩ። እዚህ ናዳው ከአንድ ዘመዳሞች መንደር 11 የአንድ ቤተሰብ ሰዎችን ወስዷል። የክፍለ ግዛቱ ጂኦሎጂስቶች ቦታውን ቀድመው መዝግበውታል፤ እኛ በሰው ሐዘን ላይ ሜትር ይዘን የምንገባበት ምክንያት የለንም። ማንም ምንም ሳይል አለፍን።

ባት ኬቭና ቺምኒ ሮክ ላይ ወንዝና ናዳ ተጋግዘው የሠሩት ሥራ ነው። ተራራው ለወንዙ ግንድና ድንጋይ አቀበለው፤ ወንዙ መንደሩን እየጠረገ ሌክ ሉር ሐይቅ ውስጥ አራገፈው። የጭነት መኪናዎች ዛሬም ፍርስራሽ ያመላልሳሉ። ደረታችን ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አይቶ ከሠራተኞቹ አንዱ «እናንተ ደግሞ ምን ልትሠሩ ነው?» አለን። ካርታ ስንለው ሳቀ፤ በክፋት አይደለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ወደ ቤት። መንገድ ቢረዝምም በኢንተርስቴት 40፣ በፒጅን ወንዝ ገደል በኩል ልውጣ አልኩ። መንገዱ ከሄሊን ወዲህ ተዘግቶ ቆይቶ በሁለቱም አቅጣጫ አንዳንድ መስመር የተከፈተው ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። በኤሊ ፍጥነት ይኬዳል። በግራ በኩል አስፋልቱ እንደተገመጠ ዳቦ ወንዙ ውስጥ ጠፍቷል። ከሰማይ ቢያዩት ናዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ወንዙ ነው ግርጌውን በልቶ የጣለው። ሰኞ ከተዋረድኩ ወዲህ እንዲህ ያለውን ልዩነት በደንብ አያለሁ።

ቴነሲ ገብቼ፣ 40 ከ81 ጋር ሊገናኝ ሲል፣ ነዳጅ ልቀዳ አንድ የጭነት መኪና ማረፊያ ቆምኩ። ቡና ስቀዳ ከኋላዬ «ሐበሻ ነሽ አይደል?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ፀጉራቸው ገብስማ ሆኗል፣ የከባድ መኪና ሾፌር። ጋሼ አልኳቸው። አምስት ወር ሙሉ በ77 ቁጥር መንገድ በኩል እየዞሩ እንደነበር እያማረሩ ነገሩኝ። «አንቺስ ከዚህ ጫካ ምን ጣለሽ?»

ታብሌቱን ከፈትኩላቸው፤ ባትሪው ሙሉ ነው። የሴትዮዋን ናዳ ከግርጌ ወደ ራስጌ በጣቴ ተከትዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «እኔ ያደግኩት ደሴ ነው፣ ጦሳ ሥር» አሉ። «ክረምት ሲገባ አባቴ ሌሊት ተነሥቶ ጓሮ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ምን እንደሚያዳምጥ አይነግረንም። ከቤታችን በላይ ያሉት ዛፎች ወገባቸው ላይ የተቆለመሙ ነበሩ።»

«ቤቱ አሁን ማን አለበት፣ ጋሼ?»

«እህቴ፣ ከነልጆቿ። የደሴም አለሽ?»

ናዳው የተሰመረበት ካርታ የለኝም። የሳተላይት ምስሉ ግን አለ። ደሴን አመጣሁላቸው። መጀመሪያ ፒያሳን፣ ቀጥለው አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ በቆርቆሮ ክዳን መሀል በወፍራም ጣታቸው እየነካኩ የራሳቸውን ቤት አገኙት። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ለእህታቸው ሊደውሉ ስልካቸውን አነሡ፤ እዚያ መሽቷል ብለው መልሰው አስቀመጡት።

«ከቤቱ በላይ ያለውን እንየው እስቲ» አልኳቸው።

ሽቅብ መግፋት ጀመሩ፣ ቀስ እያሉ፣ ሰርጡን ይዘው።